የማሚቶ ዝምታ

ሚያዝያ 3፣ ሰኞ

ልምምድ ጀመርን። የተሰጠን ቦታ ከአናጢዎቹ ድርጅት ጀርባ ያለው መጋዘን ነው። ገዢ የሚጠብቁ ቁም ሣጥኖች ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል፤ የራፓችን ምት፣ ቢቱ፣ ሲለቀቅ በሮቻቸው አብረው ይንቀጠቀጣሉ። የኮንሰርቱ አዘጋጅ «ድምፅ የማያስወጣ ምርጥ ቦታ አግኝቼላችኋለሁ» ያለን ይሄንን ነው። የመጀመሪያው አልበማችን ከወጣ ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ግንቦት 13 በትልቁ አዳራሽ ይከበርልናል። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ «ጋሽ ምላጭ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። ምላጭ የመድረክ ስሜ ነው፤ በአሥራ ስምንት ዓመቴ የወጣልኝ። «ጋሽ» መቼ እንደተቀጠለበት አላውቅም። ጋሽ የተባለ ምላጭ ጢም የሚላጭም አይመስለኝም።

ዛሬ አንድ ነገር ሆነ። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ከራሴ አልወጣ አለ። ከመጀመሪያው አልበም ጀምሮ አብሮኝ መድረክ የሚወጣው ማሚቶ ጅራት ዘለለ።

ይሄን ደብተር ሌላ ሰው አያነበውም፤ ቢሆንም ላስረዳ፣ ሳስረዳ ለራሴም ይገባኝ ይሆናል። ፈጣን ራፕ መተንፈሻ የለውም። ስለዚህ እኔ ስንኙን ይዤ እወርዳለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ቃላት፣ ቤት የሚመታበትን፣ ማሚቶ ይቀበለኛል። እሱ ሲል እኔ አየር እስባለሁ። ይሄን ጅራት መያዝ እንለዋለን። ተመልካቹ አብረን የምንል ይመስለዋል፤ እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ አፌን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው። «በአንድ ትንፋሽ» የሚለው ዘፈናችን እንኳን ስሙ የተጠራው በዚሁ ነው፤ ሰው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የምዘልቀው ይመስለዋል። እዚያ ውስጥ እንዲህ የሚል አለ፦

ስሜ ቢጠራ በየመንደሩ፣ ፎቶዬ ቢለጠፍ በየግድግዳው፣
ሰፈሬን አልለቅም፣ ያው ነኝ፣ በዛው ግቢ፣ በዛው ሜዳው።

«በዛው ሜዳው» የማሚቶ ነው። ዛሬ እዚያ ስደርስ ዝም አለ። ቢቱ ብቻውን አለፈ። ዘወር ስል ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። ሃያ አምስት ዓመት አንድም ጅራት ያልጣለ ሰው፣ ለጫማ ክር!

ሚያዝያ 5፣ ረቡዕ

እዚያው ቦታ ላይ ደገመው። የጫማ ክርም አልነበረም፤ ነጠላ ጫማ ነው አድርጎ የመጣው። ሆድ ይፍጀው።

ሚያዝያ 8፣ ቅዳሜ

ሬዲዮ ጣቢያ ጠርተውን ሄድን። ሊፍቱ ተበላሽቷል። ማሚቶ በየፎቁ እየቆመ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ፎቶዎች ያያል፤ የድሮ ሥራ አስኪያጆች፣ ሪባን የሚቆርጡ ሰዎች። «ና እንጂ፣ እየጠበቁን ነው» ስለው «ቆይ፣ ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ» ይለኛል። በሦስቱም ፎቅ የሚያውቀው ሰው አገኘ። ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሠራ እንዲህ ፎቶ ወዳድ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።

ጋዜጠኛዋ ደህና ጠየቀችን። ይሄን ያህል ዓመት የመቆየት ምስጢሩ ምንድነው አለችኝ። ያላሰብኩት መልስ ከአፌ ወጣ፦ «ሰው መድረክ ላይ የራሱን ቃል በራሱ ትንፋሽ ነው ማለት ያለበት። ዛሬ ድምፁን በማሽን ለቅቆ አፉን የሚያላውስ ሞልቷል። እኔ አንድ ነገር ነው የምለው፦ ትንፋሽ ያጠረው መድረኩን ይልቀቅ!» ጋዜጠኛዋ አጨበጨበች። ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

«ጋሽ ማሚቶስ ምን ይላሉ?» አለችው።

ማሚቶ ውኃ እየጠጣ ነበር። ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና «እኔማ ማሚቶ ነኝ፤ እሱ ያለውን ነው የምለው» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ጥሩ መልስ ነው። ወደ ቤት ስመለስ ግን መልሱ ከነከነኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ሚያዝያ 11፣ ማክሰኞ

ልጄ ለፈተና እያጠናች፣ እኔ ማጠቢያው ጋ ቆሜ ሳህን እያጠብኩ ስንኞቼን አነበንባለሁ።

«አባዬ» አለችኝ።

«ወዬ።»

«እኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አይደል እንዴ የምንኖረው?»

«አዎ፣ ምነው?»

«በዛው ግቢ የምትለው የትኛውን ግቢ ነው?»

ባለቤቴ ከሳሎን ሆና «የመኪና ማቆሚያውን ይሆናላ» አለች። እናትና ልጅ ተባብረው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ። ሳህኑን ግን ሁለቴ አጠብኩት።

ሲተኙ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ማሚቶ የዘለለው ጅራት ይሄው ነው። ሌላ አይደለም፣ ይሄው! ማሚቶ ዛሬም የድሮ ሰፈራችን ነው ያለው፤ ያችው ሁለት ክፍል ቤት፣ ያው ሰማያዊ የብረት በር። እኔ ከለቀቅኩ ቆየሁ። ሜዳው ላይ ሕንፃ ተሠርቶበታል ሲባል የሰማሁት ከሰው ነው። በየመድረኩ ግን «በዛው ሜዳው» እላለሁ። እላለሁ ስል ደግሞ እኔም አይደለሁም የምለው፤ እሱ ነው። ውሸቱን የጻፍኩት እኔ፣ አፉን ሞልቶ የሚናገረው እሱ። ሰው የሌላ ሰው ውሸት ጅራት ይዞ ሃያ አምስት ዓመት ሲቆም ቢሰለቸው ይፈረድበታል?

ስጽፈው ግን እውነት ነበር። ስንኝ እንደ መታወቂያ በየጊዜው ይታደሳል እንዴ? ወይስ መታደስ ነበረበት? ለወጣቶቹ «ለራሳችሁ ታማኝ ሁኑ» እያልኩ ስሰብክ ኖሬያለሁ። ለየትኛው ራሴ ነው ታማኝ የምሆነው? ያ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ዛሬ መንገድ ላይ ቢያገኘኝ ሰላም የሚለኝ አይመስለኝም። ለመሆኑ እኔስ ሰላም እለዋለሁ? ጫማው ቆሻሻ ነበር፣ አፉም እንደዚያው።

ማሚቶ ቢቀየመኝ በግልጽ ይነግረኛል። አይነግረኝም እንዴ? መቼ ተናግሮኝ ያውቃል?

ሚያዝያ 13፣ ሐሙስ

በችኮላ። ዛሬ ሌላም ዘለለ፦

ለማንም አልተከራየ፣ የራሴ ነው ይሄ ጉሮሮ፣
ሆድ ቢብስ፣ ኪስ ቢራቆት፣ ቢከብድም እንኳን ኑሮ።

«ቢከብድም እንኳን ኑሮ» ላይ ዝም። በቃ፣ ገባኝ። ከዓመታት በፊት የሠራሁት የሳሙና ማስታወቂያ ነው። ያን ጊዜ ጅራት ያዝልኝ ስለው «ለሳሙና አልይዝም» ብሎኝ ነበር። ብቻዬን ሠራሁት። ያውም በራፕ። አረፋው እንዴት እንደሚበዛ በራፕ ተናገርኩ። ልጄ ትምህርት ቤት ስንት ቀን አረፋ ተብላ ተጠራች።

ሰውዬው ውሸት አልናገርም ብሏል። ትክክል ነው። ግን እንዲህ ያለ ነገር በጓደኛ ላይ፣ ያውም ለኮንሰርት ጥቂት ሳምንት ሲቀር?

ሚያዝያ 18፣ ማክሰኞ

ጠየቅኩት። ቀለል አድርጌ፣ እንደ ቀልድ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጅራት እየጣልክብኝ ነው።»

«ጉሮሮዬ ነው» አለኝ።

«ምን ሆነ ጉሮሮህ?»

«ደረቀ። የእንጨቱ ብናኝ ነው።»

«እኔን ለምን አላደረቀኝም?»

«አንተማ ምላጭ ነህ፤ ብረት ምን ይሆናል» አለና ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረበት፤ ይሄንኑ ሰበብ አድርጎ ወደ ውጭ ወጣ። ነገሩን ማንሳት አልፈለገም ማለት ነው። ኩርፊያው የጠና ነው።

የድምፅ ባለሙያዋ ደግሞ መጣችብኝ። ወጣት ናት፤ ሥራዋን ታውቃለች፤ ግን ነገር ስትናገር ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለች።

«ጋሼ፣ ጋሽ ማሚቶ ማይክ ላይ የሆነ ነገር ይገባል። ፉጨት ነገር። እሳቸው ዝም ሲሉ ነው የሚሰማኝ።»

«ኬብሉን ቀይሪው።»

«ቀየርኩት።»

«እንግዲያው ማይኩን ቀይሪው።»

«እሱንም ቀይሬዋለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ ሌላ ማይክ ተዋሺ! እኔ ልንገርሽ እንዴ ሥራሽን?» ጮህኩባት። ልትመልስልኝ አፏን ከፈተችና ተወችው። ምንም አላጠፋችም እኮ። በማሚቶ የተናደድኩትን በእሷ ተወጣሁት።

ሚያዝያ 22፣ ቅዳሜ

ቆርጫለሁ፦ ውሸቱን ሁሉ አወጣለሁ። ለማሚቶ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ለራሴም ብዬ ነው። ማለቴ ለማሚቶም ነው። ማለዳ ተነስቼ ስጽፍ ዋልኩ። ለሰፈሩ ስንኝ የመጣልኝ ይሄ ነው፦

ስሜ ቢጠራ በየመንደሩ፣ ብለቅም ያንን ግቢ፣
ዛሬም ስመጣ ያውቁኛል፣ ሳልል በመኪና ቢቢ።

«ቢቢ?» አለች ልጄ።

«ቤት ይመታል» አልኳት።

«አባዬ፣ እውነቱን መናገር ከፈለግክ በዝምታ ተናገረው» አለችኝ። የእናቷ ምላስ ነው የወጣላት።

ማሚቶ ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄንን ደግሞ እንደ አዲስ ላጥና?»

«አሁን እውነት ሆኗል እኮ» አልኩት።

«ድሮስ ማን ውሸት ነው አለህ?»

ሆን ብሎ ሊያደናግረኝ ይመስለኛል። ካልሆነም እኔ ተደናግሬያለሁ።

ሚያዝያ 27፣ ሐሙስ

ቢቢንም ዘለለው! ውሸቱንም አይልም፣ እውነቱንም አይልም። ታዲያ ምን ልጻፍለት? ምናልባት እውነቱ ገና ጎደሎ ሆኖበት ነው። ሳሙናውንም በግልጽ ማንሳት አለብኝ? የሌሎቹን ዘፈኖች ስንኞች ሁሉ ቀይሬ ሰጠሁት። አጥፎ ኪሱ ከተተው። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ከዚህ በፊት አይቼው እንደሆነ አላስታውስም።

ሚያዝያ 29፣ ቅዳሜ

አዘጋጁ መጋዘን ድረስ መጣ። ለይቶ ጠራኝና፣ ድምፁን ዝቅ ማድረግ የማያውቅ ሰው ነው፣ «ሁለተኛው ሰውዬ እየጎተተን ነው። ከድሮው ቅጂ የሱን ድምፅ ቆርጠን በማሽን እንልቀቀው፤ እሱ ቆሞ አፉን ያንቀሳቅስ። ማን ያውቃል?» አለኝ።

«እኔ አውቃለሁ!» አልኩት። «እኔ ባለሁበት መድረክ ማሽን ለሰው አይተነፍስም!» የቁም ሣጥኖቹ በሮች ሳይቀሩ ሰሙ።

ስወጣ ማሚቶ ከበሩ ውጭ ያለው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ሰምቶ ይሆን? የሰማ ይመስላል። «ጥሩ ብለሃል» አለኝ። ፊቱ ግን ሌላ ነገር ነው የሚለው። ለእሱ ብዬ ተከራክሬ እንደገና ያጠፋሁ መሰለኝ፤ ምን እንዳጠፋሁ ግን አላውቅም።

ግንቦት 2፣ ማክሰኞ

ማሚቶ ቤት ሄድኩ። ሳልነግረው ነው የሄድኩት። በሩን ሚስቱ ከፈተችልኝ። ሳሎኑ ውስጥ ባለው ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ሦስት ትራስ ተደራርቧል፤ አጠገቡ ብርድ ልብስ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ወለሉ ላይ የእኔ ወረቀቶች።

«እዚህ ነው እንዴ የምትተኛው?» አልኩት።

«ይመቸኛል» አለኝ። ሚስቱ አቀርቅራ ወደ ጓዳ ገባች።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በራልኝ። ተጣልተዋል! ምስኪን፣ ከመኝታ ቤቱ ተባሮ ሳሎን እያደረ ነው። ዓይኑ ሥር የጠቆረው፣ ቀልቡ የጠፋው፣ ጅራት የሚጥለው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ነገሩን ሁሉ በእኔና በግጥሜ ላይ አድርጌ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ከረምኩ። አፈርኩ። ሰው እንዴት ስለ ራሱ ብቻ ያስባል?

ነገ ካልሆነም ከነገ ወዲያ ሄጄ አስታርቃቸዋለሁ። በሠርጋቸው ቀን አጠገቡ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ይሄ የእኔ ድርሻ ነው።

ግንቦት 4፣ ሐሙስ



የማሚቶ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት ትሠራለች። በምሳ ሰዓት ሄድኩ፤ ሌሎቹ ሴቶች ወጥተው እሷ ኪስ ትለጥፋለች። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ።

«ላስታርቃችሁ ነው የመጣሁት» አልኳት።

የማሽኑን መንኮራኩር በእጇ ያዘችው። «ከማን ጋር?»

«ከባልሽ ጋር ነዋ። ምንም ቢያጠፋ፣ ሰው በዚህ ዕድሜው ወንበር ላይ ያድራል እንዴ? ለእኔ ስትይ ተይው።»

መጀመሪያ ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው፤ እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ ሳቋ ወደ እንባ ሄደ፤ እየሰፋችው በነበረው ዩኒፎርም ዓይኗን ጠረገች።

«ተጋድሞ መተኛት አይችልም እኮ» አለችኝ። «ያፍነዋል።»

ሳንባው ነው አለችኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ። ደረጃ ሲወጣ፣ ሲቸኩል፣ ሲስቅ እንኳን ያጥረዋል። ሐኪም ይከታተለዋል፣ መድኃኒት ይወስዳል፣ ግን የሄደው አይመለስም ተብሏል። ረጅሙ ስንኝ እንዳያመልጠው ቀድሞ ከእኔ ጋር በልቡ ይሮጣል፤ ጅራቱ ጋ ሲደርስ አየር አይቀረውም።

«ለምን አልነገረኝም?» አልኳት። «ለእኔ? ለእኔ ይደብቃል?»

«በሬዲዮ ምን አልክ?» አለችኝ። ድምፅዋን እንኳን አልጨመረችም።

የሰፋችውን ኪስ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ።

«ደግሞ ወረቀት ትልክበታለህ» አለች። «የድሮውን የት ጋ አየር እንደሚሰርቅ ያውቀው ነበር፣ ለምዶት ነበር። አንተ ቀየርክበት። ሌሊት ተቀምጦ ቃሉን አይደለም የሚያጠናው፣ የት እንደሚተነፍስ ነው። ያ ቢቢ ያልከው ነገርማ፣ ከንፈሩን ገጥሞ ሲለው እንዴት እንደሚሆን ብታየው አንጀትህን ይበላሃል።»

«አስቀረዋለሁ። ኮንሰርቱን ራሱን አስቀረዋለሁ።»

«ኧረ ተው! ያንን ቀን ብሎ ነው ጠዋት ጠዋት የሚነሳው። ሐኪሙም ካልተጨነቀ አንድ ምሽት ምንም አይለው ብሏል። ብቻ ማረፊያ ስጠው። አወቅኩ እንዳትለው ደግሞ። አፍሮ ነው የሚቀረው። አስምሎኛል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኔ በጆሮዬ የምኮራ ሰውዬ ነኝ። የጓደኛዬ ደረት አጠገቤ ሲያፏጭ ማይክ ቀይሩ እያልኩ ጮህኩ። ዝም ያለው ስለ ውሸቴ ነው ብዬ ነበር። ስለ እኔ መስሎኝ ነበር። አቤት፣ ሁሉም ነገር ስለ እኔ መስሎኝ ነበር!

ግንቦት 6፣ ቅዳሜ

የድሮውን ቃል ሁሉ መለስኩ። ምክንያት ሲጠይቀኝ «ሰው የለመደውን ይፈልጋል» አልኩት።

«ቢቢ ቀረ?»

«ቀረ።»

«ተመስገን» አለ። ከልቡ ነው። ሳልወድ ሳቅኩ።

እንግዲህ «በዛው ግቢ፣ በዛው ሜዳው» እያልኩ ልቀጥል ነው። ውሸቴን መልሼ ለበስኩት። ለጓደኛ ሲባል ውሸት እውነት ይሆናል? ከዚህ በፊት ቢጠይቁኝ መልሱ በእጄ ነበር።

የድምፅ ባለሙያዋን ይቅርታ ጠየቅኩ። «የእኔም እናት እንዲህ ናቸው፣ ፉጨቱን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «መናገሩ የእኔ አልመሰለኝም።» ከድሮው ቅጂ ጅራቶቹን ብቻ ለይታ ልታዘጋጅልኝ እንደምትችል ነገረችኝ። አዎ አልኩ። ቀጥሎ አይ አልኩ። በሩ ጋ ደርሼ ተመልሼ አዎ አልኳት። የገዛ ወጣት ድምፁ ከስፒከር ሲወጣ ቢሰማ ግን ሁሉንም ያውቃል። እንደገና ደውዬ ተዪው አልኳት። ልጅቷ ታግሳኛለች።

ግንቦት 9፣ ማክሰኞ

ዘፈን ልቀንስ? ይጠረጥራል። ቢቱን ላዘግየው? ይጠረጥራል። ሌላ ጅራት ያዥ ልጨምር? ይሞታል። እኔ ራሴ ጅራቱን ልበል? ሞከርኩት፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ አየር አለቀብኝ። «በራሱ ትንፋሽ» ያልኩት እኔ ነኝ። የማን ትንፋሽ ነበር እስከ ዛሬ?

ግንቦት 11፣ ሐሙስ

አገኘሁት። ትንፋሽ የሚያጥረኝ እኔ እሆናለሁ። «በአንድ ትንፋሽ» መሐል ላይ ደረቴን ይዤ አቆማለሁ፤ አረጀሁ ብዬ ለሕዝቡ እቀልዳለሁ፤ ተቀምጬ አወራለሁ። የእሱ ትንፋሽ እስኪመለስለት። ውርደቱ የእኔ ይሆናል፣ ማረፊያው የሱ።

ባለቤቴ መስታወት ፊት ስለማመድ አየችኝ። «ልብህን ነው የያዝከው ደረትህን?» አለችኝ። «ደረቴን» አልኳት። «እጅህን ወደ መሐል አድርገው እንግዲህ» አለች።

ግንቦት 13፣ ቅዳሜ

ከአዳራሹ ተመለስኩ። እንቅልፍ የለም። የሆነውን እንደሆነ ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቷል። የኛ ዘመን ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል። የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ደህና ሄዱ። ማሚቶ አንድ ሁለት ጅራት ጣለ፤ ሕዝቡ ራሱ አነሳለት። «በአንድ ትንፋሽ» ተጀመረ። ሁለተኛው አንቀጽ ጋ ስደርስ ትከሻው ሲወጣና ሲወርድ አየሁ። አቆምኩ። ደረቴን ያዝኩ። መሐሉን።

«ወገኖቼ፣ ትንፋሽ አጠረኝ! አረጀሁ!» አልኩ። ሳቁ። ከፊት ያለ አንድ ሰውዬ «ያጠረው ይልቀቅ ብለህ የለም እንዴ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አብሬ ሳቅኩ፤ ፊቴ ግን ነደደ። መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ላወራ አፌን ከፈትኩ።

ይሄን ግን አላሰብኩም። በመስታወቱ ፊት ሁሉንም አስቤ ይሄን አላሰብኩም።

ማሚቶ መጥቶ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ፊቱ በድንጋጤ ገርጥቷል። ጆሮዬ ጋ ጎንበስ ብሎ «አይዞህ። አንተ ተንፍስ፤ ይዤልሃለሁ» አለኝ። ለዲጄው በጣቱ ምልክት ሰጠ። ቢቱ ተመለሰ። አንቀጹን ከመጀመሪያው ጀመረው። ጅራቱን አይደለም፤ ሙሉውን፣ የእኔን ድርሻ ሁሉ።

«ተው!» አልኩት፤ ማይኬ ከእጄ ወድቆ ነበር፣ አልሰማኝም። ተነስቼ እጁን ልይዝ ስል የደከመ ሰው የሚነሳ መስሎት በክርኑ መልሶ አስቀመጠኝ። አየሩ ባለቀበት ቦታ እያቆመ፣ ቃሉን ለሁለት እየቆረጠ፣ ማንም ቆርጦት በማያውቅበት ቦታ እየቆረጠ ሄደ። ማይኬን ፈልጌ አነሳሁ። ጅራት ልይዝለት ሞከርኩ፤ አላውቅበትም። ቀደምኩት። ቃሉ ላይ ወጣሁበት። ቀጥሎ ደግሞ ዘገየሁ። ይሄን ሥራ ሃያ አምስት ዓመት ሳይሳሳት ሲሠራው ቀላል ይመስለኝ ነበር። ሕዝቡ ቆሞ ጮኸ። ለእሱ ነው የጮኸው፤ ስሙን እየጠራ። እስከ ዛሬ ስሙን ብቻውን ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም።

ከመጋረጃው ጀርባ የስፒከር ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ከንፈሩ ቀለም የለውም። ሚስቱ በካርቶን ታራግብለታለች፤ እኔን የምታይበት ዓይን አልነበራትም። ብዙ ቆይቶ ቀና አለ።

«ደህና...» አለ። አየር ሳበ። «...ነህ?»

«ደህና ነኝ» አልኩት።

«ውሸትህን ነው» አለኝ። አለቀስኩ። ያመመኝ መስሎት ውኃ ስጡት አለ።

ግንቦት 14፣ እሑድ

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ማሚቶ ነው። ማታውን እንዴት እንዳደረ ልጠይቀው ስል ቀደመኝ።

«እንዴት አደርክ? ደረትህ እንዴት ነው?»

«ተሻለኝ» አልኩት። ምን ልበል?

«ተሻለኝ አትበል። ይሄ ነገር ተሻለኝ እያሉ ነው የሚብሰው። መቼ ነው የጀመረህ?»

«አንተ እንዴት ነህ?»

«የእኔን ተወው፤ አንተን ነው የጠየቅኩህ።» ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከዚያ ወደ ጎን እንደሚናገር ሰው አድርጎ «እንትን አለ... አንድ ሐኪም አለ። ጎበዝ ነው። እኔም አልፎ አልፎ አየዋለሁ» አለ።

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ይሄን ቃል ስጠብቅ ሰንብቻለሁ፤ ሲመጣ ግን እንደማያውቅ ሰው መሆን ነበረብኝ።

«አንተ ምን ሆነህ?» አልኩት።

«ትንሽ ነገር ነው። እንደ አንተው። እንዳይጨንቅህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ። ትናንት አንተን ሳይ ግን ሰው ብቻውን መደበቅ የለበትም አልኩ። ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ፤ አብረን እንሂድ። ብቻህን ብትሆን እንደማትሄድ አውቅሃለሁ።»

እንግዲህ ምንም ያልሆነ ደረቴን ይዤ ሐኪም ቤት ልሄድ ነው። ለሐኪሙ ምን እንደምለው አላውቅም። እውነቱን ብናገር ማሚቶ ይሰማል፤ ብዋሽ ደረቴን ሲያዳምጥ ያውቅብኛል። ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ባለቤቴን ብጠይቃት «ሂድ ብቻ፤ እዚያ ሄደህ ዝም በል» አለችኝ።

«እሺ፣ እሄዳለሁ» አልኩት።

«ሐኪሙ ጋ መጀመሪያ አንተ ትገባለህ፤ እኔ እከተልሃለሁ» አለኝ።

«አይሆንም» አልኩት። «ነገ አንተ ትቀድማለህ፣ እኔ ነኝ የምከተለው።»



«እሺ» አለ።